ሆደ ሰፊነት

መቼም አማርኛችን ለሆድ የሰጠውን ቦታ ለሌላ የሰውነት ክፍል አልሰጠውም። ያዘነ ሰው «ሆድ ባሰኝ» ይላል፤ እንባው የሚቀርበው ሆደ ቡቡ ነው፤ ምስጢር የሚጠብቅ «የሆድን በሆድ» ብሎ ይተኛል፤ ኅሊናውን የሸጠ ሆድ አደር ይባላል። ታጋሹን፣ አመዛዛኙን፣ ቢሰድቡት የማይቆጣውን ሰው ስናመሰግን ደግሞ «ሆደ ሰፊ» እንለዋለን። የዛሬው ጉዳዬ በዚህች በመጨረሻዋ ቃል ላይ ነው። ምሳሌያዊ ፍቺዋን እየተውነው መጣን መሰለኝ፤ አርባን የተሻገረው ወንድማችን ሁሉ ቃሏን እንዳለች ወስዶ፣ ቀበቶውን በየዓመቱ አንድ ቀዳዳ እያላላ፣ ሆደ ሰፊ እየሆነ ነው።

ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ተማሪዎቼን አንድ ጽሑፍ ሲያነቡ ሦስት ነገር እንዲጠይቁ እወተውታቸው ነበር። የሚናገረው ማን ነው? የሚናገረው ለማን ነው? ሳይናገር ያለፈውስ ምንድን ነው? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ዛሬ ማንም ደራሲ ባልጻፋቸው፣ ግን ሁላችንም በቃላችን በምናውቃቸው ሦስት ድርሰቶች ላይ ልሞክራቸው። የመጀመሪያው ሰላምታችን ነው፤ ሁለተኛው ማዕዳችን፤ ሦስተኛው ሰሞኑን በየሬዲዮውና በየስልኩ የሚወርድልን የቅጥነት ምክር። የማነብበት ቦታ ደግሞ ካራቆሬ ነው።

ካራቆሬ ስል የአዲስ አበባውን፣ በኮልፌ በኩል ያለውን ሰፈር ማለቴ አይደለም። ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢትን፣ ጀውሃን፣ ሰንበቴንና አጣዬን አልፎ በደሴ መንገድ ላይ የሚገኘውን የይፋቱን ካራቆሬ ነው። የምድር ሳይንስ ሰዎች ስሟን የሚያነሱት በ1953 ዓ.ም. ጎረቤቷን ማጀቴን ባፈራረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። እኛ የአገሩ ሰዎች የምናውቃት በሙቀቷ፣ በማሽላዋ፣ ክርስቲያኑና እስላሙ፣ አማራው፣ ኦሮሞውና አርጎባው በሚጋፋበት ገበያዋ ነው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ድርሰት።

ካራቆሬ መናኸሪያ ከአውቶቡስ የወረደ የሃምሳ ዓመት ሰው የሚቀበለው ሰላምታ የታወቀ ነው። «አንተ! እንዴት ወፍረሃል! ተመስገን፣ አገሩ ተስማምቶሃል ማለት ነው።» ከስቶ የመጣ እንደሆነ ደግሞ ድምፁ ዝቅ ይላል፤ ዓይን ወደ ዓይን ይተያያል። «ምነው ወንድሜ፣ አሞህ ነበር እንዴ?» ይህን ሰላምታ ባለጌነት ነው ብለው የሚቆጡ ከውጭ አገር የመጡ ዘመዶች አይቻለሁ። እኔ አልቆጣም። ምክንያቱም የሚናገረው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። የሚናገረው ረሃብ ነው።

የ1966ቱ የወሎ ረሃብ ከካራቆሬ ጓሮ የተነሳ ረሃብ ነበር። የተራበው ገበሬ ወደ አውራ ጎዳናው ወጥቶ መኪና እያስቆመ እህል ሲለምን፣ ያ ጎዳና ይኸው በእኛ ደጅ የሚያልፈው የደሴ መንገድ ነው። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ተደገመ። ያንን ያየ ሰው ሥጋ የለበሰ ፊት ሲያይ «ተመስገን» ቢል ምን ይገርማል? ወፍራም ማለት ለእርሱ የተረፈ ማለት ነው። ጎተራው አልጎደለም፣ ልጁ አልተሰደደም፣ ከብቱ አላለቀም ማለት ነው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ያ በሽታ መጣ፤ ኤች አይ ቪ። ነፃ መድኃኒት በአገራችን መሰጠት እስከ ጀመረበት እስከ 1997 ዓ.ም. ድረስ፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ፣ ከሳ ማለት «አለበት» ማለት ነበር። ትዳር ሲታሰብ፣ ሥራ ሲፈለግ፣ ቤት ሲከራይ፣ ሰው ጉንጩን ይዞ ነበር የሚቀርበው። በዚያ ዘመን ሆነ ብሎ ለመወፈር የሚሞክር ጎልማሳ ነበር፤ ስሙን ለማዳን።

ስለዚህ ሰላምታው ታሪክ አለው፤ ክብርም ይገባዋል። ችግሩ የሚናገረው ላይ ሳይሆን ሳይናገር የሚያልፈው ላይ ነው። ሰላምታችን የሚያነበው ውጩን ነው። ቤቱ ተለስኖ፣ ቀለም ተቀብቶ አይቶ «አማረበት» ይላል፤ ምሰሶውን ምስጥ እየበላው እንደሆነ አይጠይቅም።

የማውቀው አንድ ሰው ልንገራችሁ። በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዳ ወጣትነቱን የጨረሰ፣ በኋላ ካራቆሬ ቤት ሠርቶ የተቀመጠ ሰው ነው። ከሾፌርነት ወደ ባለሱቅነት ሲዞር አንድ እንቅስቃሴ ብቻ ቀረው፤ ከወንበር ወደ መደርደሪያ። በየዓመቱ ሲሰፋ አገሩ በሙሉ አብሮ ይደሰት ነበር። ጫማውን ማሰር አቅቶት ልጁ ስታስርለት እንኳ ጎረቤቱ «ሀብት ሲመጣ እንዲህ ነው» እያለ ይስቅ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ሻዩን ሊያነሳ ሲል ግራ እጁ አልታዘዝ አለው፤ አፉም ተጣመመ። ሐኪም ቤት ተወስዶ ግፊቱ ሲለካ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መለካቱ ነበር። ዛሬ በምርኩዝ ይሄዳል። ሐኪሙ ጨው ቀንስ፣ ዘይት ቀንስ፣ ተንቀሳቀስ ብሎት ትእዛዙን ጠብቆ ቀጥኗል፤ ግፊቱም ወርዶለታል። ሰፈሩ ግን አሁንም በሰላምታው ላይ እንዳለ ነው። «አይ ጋሼ! እንዲያ ያለ ሰውነት እንዲህ ይሁን? ዓይን በላው እንጂ!» የሚያድነውን ቅጥነት ያለቅሱለታል፤ ሊገድለው የነበረውን ውፍረት ይናፍቁለታል።

ይህ የአንድ ሰው ታሪክ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት ነበር። በ2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ ጤና ጥበቃና የዓለም ጤና ድርጅት ሆነው ባካሄዱት አገር አቀፍ ጥናት፣ ከመቶ ጎልማሶች 16 ያህሉ የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። አብዛኞቹ ሕክምና የማይከታተሉ ነበሩ። ስለ ውፍረት ደግሞ የሕዝብና ጤና ጥናቱ ቁጥር ቁልጭ ያለ ነው። በ1992 ዓ.ም. ከመቶ ሴቶች ከልክ በላይ የወፈሩት 3 ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 8 ሆኑ። በከተማ ደግሞ 21 ደረሱ፤ በገጠር 4። ልብ በሉ፤ በዚያው በ2008ቱ ጥናት ከመቶ ሴቶች 22ቱ ከልክ በላይ የከሱ ነበሩ። እንግዲህ ረሃቡ ሳይወጣ ጥጋቡ ገባ። አንዳንዴም በአንድ ቤት፣ በአንድ መሶብ ዙሪያ፣ እናት ወፍራ ልጅ ቀጭጮ ይገኛል። ይህን «የሀብታም በሽታ ነው» ብሎ ማለፍ እንግዲህ አይቻልም። አዲስ አበባ ያለው ሀብታም ቢያንስ ሐኪሙ ቅርቡ ነው። ካራቆሬ ያለው ባለሱቅ ግን በሽታውን የሚያውቀው ሲወድቅ ነው።

ሁለተኛው ድርሰት ማዕዳችን ነው።

የአገሬ ሰው ማዕድ ግጥም ነው ማለት ይቀናኛል፤ ግን የትእዛዝ አንቀጽ የበዛበት ግጥም ነው። «ብላ!» «ድገም!» «ጨምር!» «ምነው ተውከው?» ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ «በሞቴ!» አለች። ይህችን ቃል እስኪ ቀስ ብለን እንያት። የጋበዘችህ ሴት «እንዲህ ካልበላህ ልሙት» ነው የምትልህ። በአንዲት ጉርሻ ላይ ነፍሷን አስይዛለች! ይህን መሐላ ንቀህ «በቃኝ» የምትል አንተ ምን ዓይነት ጨካኝ ነህ?

አንድ የዘመድ ቤት ግብዣ ላይ የሰማሁትን ልጥቀስ። ስኳር ያለበት ጎልማሳ ነው፤ አክስቱ ናቸው የሚያስተናግዱት።

«እትዬ፣ በቃኝ። ስኳር አለብኝ፤ ሐኪሙ መጥን ብሎኛል።»

«ኧረ ልጄ፣ ሐኪም ምን ያውቃል! የዛሬው ምንም አይልህም። ለእኔ ስትል ይቺን ብቻ።»

«እትዬ፣ እውነቴን ነው...»

«በሞቴ! አፈር ስሆን! አንድ ጉርሻ ያጣላል።»

በላ። ምን ያድርግ? ሁለተኛዋም ተከተለች። ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው ይባል የለ? እኒህ አክስት ክፉ ሰው አይደሉም፤ የሚወዱትን ሰው በሚያውቁት ቋንቋ ወደዱት እንጂ። ማዕዱ ሲናገር «እወድሃለሁ» ነው የሚለው። ሳይናገር የሚያልፈው ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ልክ ነው። ከአንድ ትሪ የሚበላ ሰው ምን ያህል እንደበላ አያውቅም፤ እንጀራው ሲያልቅ ይጨመራል፤ ወጡ ሲደርቅ ይፈስሳል። ሁለተኛው የአብሳይዋ ነገር ነው። «ብላ» የምትለው ሴት እርሷ ራሷ የምትበላው መጨረሻ ላይ፣ ቆማ፣ የተረፈውን፣ «ምግብ አይደፋም» ብላ ነው። ከአርባ በላይ ያሉ ብዙ እናቶቻችን የወፈሩት በስግብግብነት አይደለም፤ የሌላውን ትሪ በመጨረስ ነው።

ደግሞ ልክ እንደ ቋንቋው ሁሉ ማዕዱም ተለውጧል፤ ስሙ ሳይለወጥ። «ድሮም እንዲህ ነበር የምንበላው» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ የይፋትን ትሪ አሳየዋለሁ። ድሮ በይፋት ቆላ የማሽላ እንጀራ ነበር፤ ወጡ ሽሮ፣ ማሾ፣ ጎመን። ቅባቱ ኑግ ነበር፤ በትንሹ፣ ተወቅጦ፣ ተጨምቆ። ቅቤ ለበዓል ነበር። ሥጋ ሲገኝ ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያንን የበላው ሰው በማግሥቱ ቀኑን ሙሉ ሞፈር ይዞ ይውል ነበር፤ ወይም ገበያ ለመድረስ በእግሩ ሰዓታት ይሄድ ነበር። ዛሬ ሽሮው ሽሮ ይባላል፤ ግን ዘይት ላይ ተንሳፍፏል። ቀይ ወጡ ቀይ ወጥ ነው፤ ግን ሽንኩርቱ የሚቁላላው በጭልፋ በሚለካ የፓልም ዘይት ነው። የጾም ምግብ የሚባለው እንኳ ከፍስኩ የማይተናነስ ቅባት ይዟል።

ቁጥሩን ልስጣችሁ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ኑግም ሆነ ፓልም፣ 120 ካሎሪ ገደማ ነው። ያን ለማቃጠል አንድ መካከለኛ ክብደት ያለው ሰው ግማሽ ሰዓት ያህል መራመድ አለበት። ፓልም ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ቅባቱ ግማሽ ያህሉ የደም ቧንቧን የሚጎዳውን ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርግ ዓይነት ነው። ኑግ ውስጥ ይህ በእጅጉ ያነሰ ነው። አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። የይፋት ገበሬ የሚያመርተው ማሾ ከክብደቱ ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ የሚያጠግብ፣ ስኳርን ቀስ ብሎ የሚለቅ እህል። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል ሲገበያይ፣ ወደ ውጭም ሲጫን ቆይቷል። ገበሬው ገንዘብ ማግኘቱ መልካም ነው፤ ማን ይጠላል? ግን ያንኑ ማሾ የሸጠበትን ገንዘብ ይዞ ሱቅ ሄዶ የሚገዛው ምንድን ነው? ፓስታ፣ ስኳርና የፓልም ዘይት። ጤናውን በኩንታል ሸጦ በሽታውን በሊትር ይገዛል።

ስኳሩን ደግሞ ማንም አይቆጥረውም። ሻይ ምግብ አይደለማ! በቀን አምስት ብርጭቆ ሻይ፣ በብርጭቆ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው በቀን 60 ግራም ገደማ ስኳር ጠጥቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ለአንድ ጎልማሳ 50 ግራም ገደማ ላይ ቁም፣ ብትችል ወደ 25 አውርደው ነው የሚለው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ብቻውን ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ ስኳር ይዟል። አንድ ትልቅ ቢራ 200 ካሎሪ ገደማ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ጣፋጭ መጠጦች ላይ ግብር ሲጥል ያጉረመረምን ብዙ ነን፤ ዋጋው ጨመረ እንጂ ለምን እንደተጣለ የጠየቅን ግን ጥቂት ነን።

ስለ ይፋት ጽፎ ጫትን ሳያነሱ ማለፍ ደግሞ ቅን አይሆንም። የበርጫው ጎልማሳ «እኔማ ቀኑን ሙሉ አልበላም» ይልሃል፤ እውነቱን ነው። ጫት ረሃብን ይዘጋል። ግን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ተቀምጦ፣ ምሬቱን በለስላሳና በጣፋጭ ሻይ እያወራረደ ነው የሚውለው። ምርቃናው ሲወርድ፣ ጨብሲውም ሲጨመር፣ ሌሊት በአራት ሰዓት የሁለት ሰው እራት ይበላል፤ በላዩ ላይ ይተኛል። ይህን ሃያ ዓመት አድርጎ ሆዱ ለምን እንደወጣ ይገረማል።

ሦስተኛው ድርሰት የቅጥነት ምክር ነው። እዚህ ላይ ነው እንደ ሐያሲ የምናደደው።

ምክሩ ብዙ ጊዜ ትርጉም ነው፤ መጥፎ ትርጉም። «ጠዋት አንድ ስኒ ኦትሚል፣ ቀን የተጠበሰ ሳልመን ከብሮኮሊ ጋር፣ ማታ ግሪክ እርጎ» ይላል። እስኪ ይህን ለካራቆሬ ባለሱቅ አንብቡለት! ሳልመንን ከየት ያመጣል? ከጀውሃ ወንዝ? ምክሩ የሚናገረው ብቻውን ለሚኖር፣ ብቻውን ለሚያበስል፣ ብቻውን ከሳህኑ ለሚበላ ሰው ነው። የእኛ ሰው ብቻውን አይበላም፤ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ተብሎ ነው ያደገው። የምክሩ ደራሲ መሶብን አያውቀውም፤ ለቅሶን፣ እድርን፣ ማኅበርን፣ ሰደቃን፣ ኢፍጣርን አያውቃቸውም። እነዚህን ያላወቀ ምክር እኛ ጋ ሲደርስ ከሁለት አንዱ ይሆናል፤ ወይ ይሳቅበታል፣ ወይ አንድ ሳምንት ተሞክሮ ይተዋል።

የባሰው ደግሞ «በ10 ቀን 10 ኪሎ» የሚለው ነው። ሻይ ይሸጣል፣ ዱቄት ይሸጣል፣ ቀበቶ ይሸጣል። የሚናገረው ማን ነው? ነጋዴ። ሳይናገር ያለፈውስ? በ10 ቀን የሚወርደው አብዛኛው ውኃ መሆኑን፣ በማስቀመጥ የሚገኝ ቅጥነት ሰውነትን እንደሚያደክም። አሁን ደግሞ ከውጭ የመጣ መርፌ አለ፤ ሴማግሉታይድ ይባላል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2021 ለውፍረት ተፈቅዷል፤ በእርግጥም ይሠራል፤ ለከባድ ሕመምተኛ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን መርፌውን ያቆሙ ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ካወረዱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰው እንደጨመሩ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ገበታው ካልተለወጠ መርፌው የዕድሜ ልክ ኪራይ ነው። ካራቆሬ ላይ ማን ይከፍለዋል?

ምክሩ የሚነግረን ሌላም ተረት አለ፤ «ከአርባ በኋላ ሰውነት ማቃጠል ያቆማል» የሚል። ይህን ተረት እኛም ወደነዋል፤ ሰበብ ይሆነናላ! «ዕድሜ ነው ወንድሜ» ብሎ ሌላ ጉርሻ። እ.ኤ.አ. በ2021 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ፣ ከጨቅላ እስከ ዘጠና አምስት ዓመት አዛውንት ከ6,400 በላይ ሰዎችን የያዘ ጥናት ግን ሌላ ነገር ነው የተናገረው። የሰውነት መጠን ሲታሰብ፣ ከ20 እስከ 60 ዓመት ድረስ የምናቃጥለው ኃይል እምብዛም አይለወጥም፤ የሚቀንሰው ከ60 በኋላ ነው። እንግዲህ በሃምሳ ዓመት ሆድ ያወጣው ዕድሜ ራሱ አይደለም። ከዕድሜ ጋር የመጣው ኑሮ ነው፤ ወንበሩ፣ ባጃጁ፣ ግብዣው፣ ሳይሠራ የሰለለው ጡንቻ፣ ያጠረው እንቅልፍ። በሴቶች በኩል የወር አበባ ሲቆም ስብ ከዳሌ ወደ ሆድ መዞሩ እውነት ነው፤ ይህ ተፈጥሮ ነው፣ ነውርም አይደለም። ግን እርሱም ቢሆን መንገዱን ያዞራል እንጂ ዘይቱን አይጨምርም።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ሐያሲ ሲተች ብቻ ከዋለ ሆዱን እንጂ አንባቢውን አላጠገበም።

አንደኛ፣ ሚዛን ባይኖር ሜትር አለ። የልብስ ሰፊ ሜትር ካራቆሬም ሞልቷል። ወንድ ወገቡ ከ94 ሴንቲ ሜትር፣ ሴት ከ80 ካለፉ ማስጠንቀቂያው ደርሷል ማለት ነው። ወንድ 102፣ ሴት 88 ካለፉ ደግሞ ነገሩ አሳሳቢ ነው። ለቁመትና ለክብደት የሚሰላው ቀመር የመጣው ኬትሌ ከሚባል የ19ኛው ክፍለ ዘመን ቤልጅጋዊ የሒሳብ ሰው ነው፤ ስለ ሕዝብ አማካይ ይናገራል እንጂ ስብህ የት እንዳለ አይነግርህም። ሜትሩ ይነግርሃል። ግፊትህን ደግሞ ጤና ጣቢያ ሄደህ አስለካ፤ 140 በ90 ደጋግሞ ካለፈ ሐኪም አማክር። ግፊት ድምፅ የለውም፤ እንደ 1953ቱ መንቀጥቀጥ ሁሉ መሬቱ ጸጥ ብሎ ነው ከውስጥ የሚጠራቀመው።

ሁለተኛ፣ ብዙ አትመኝ። በአሜሪካ ወደ ስኳር በሽታ የተጠጉ 3,234 ሰዎች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የወጣ ትልቅ ጥናት ነበር። ግቡ ክብደትን 7 ከመቶ መቀነስ፣ በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ ብቻ ነው። ስኳር በሽታ የመያዝ ዕድሉ በ58 ከመቶ ቀነሰ፤ መድኃኒቱ የቀነሰው 31 ከመቶ ነበር። ለ90 ኪሎ ሰው 7 ከመቶ ማለት ስድስት ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። ይህን ለማድረግ ሳልመን አያስፈልግም። 150 ደቂቃ ማለት በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ሰዓት ነው፤ ከመናኸሪያው እስከ ገበያው በባጃጅ የምንሄዳትን በእግር መሄድ። ጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ።

ሦስተኛ፣ ማዕዱን አናፍርሰው፤ እናርመው። በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የኢትዮጵያ የአመጋገብ መመሪያ ለእኛው ምግብ የተጻፈ ነው። ጥራጥሬውን፣ አትክልቱን፣ ፍራፍሬውን አብዙ፤ ዘይት፣ ስኳርና ጨው ቀንሱ ነው ነገሩ። ጨው በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይለፍ ይላል። በ2007ቱ ጥናት የእኛ ሰው አማካይ ፍጆታ ግን ከ8 ግራም በላይ ነበር፤ ማንኪያዋ የምትይዘው 5 ነው። ስለዚህ ማሾው ከኩንታሉ ላይ ለቤት ይቅር። ዘይቱ በጭልፋ ሳይሆን በማንኪያ ይለካ። የሸዋ ሮቢት ፓፓያና ማንጎ ለአዲስ አበባ መንገደኛ ብቻ አይሸጥ። ሻዩ በአንድ ማንኪያ ስኳር ይጠጣ፤ ምላስ ይለምዳል። ሆድ እንዳሳዩት ነው ያሉት አባቶቻችን ሆድን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ብዙ ካሳየኸው ብዙ ይለምዳል፤ ጥቂት ካሳየኸውም በጥቂት ይረካል።

ጾሙንም እንዲሁ። ጾምን ማክሻ አድርጉት ማለቴ አይደለም፤ ጾም ለነፍስ ነው፣ ሒሳቡም ከፈጣሪ ጋር ነው። ነገር ግን በሁለቱም ሃይማኖታችን «ሆድን መግዛት» የሚል ትምህርት እያለ፣ ከጾሙ ሰዓት ማብቂያ በኋላ በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳና በስኳር የተሞላ መጠጥ ላይ መውደቅ፣ ትምህርቱን ቀን ተምሮ ማታ እንደ መርሳት ነው።

አራተኛ፣ «በቃኝ» የምትለዋን ቃል ክብር እንስጣት። በአማርኛ «በቃኝ» ሙሉ ዐረፍተ ነገር ናት፤ ማብራሪያ አትፈልግም። እንግዳ ሲላት ጋባዥ «በሞቴ»ን ትያዝለት። ለእትዬም አዲስ ቃል እናስተምራቸው፤ «ስኳር አለብኝ» ያላቸውን ልጅ «እንግዲያውስ ጎመኑን ላቅርብልህ» ይበሉት። ይህ ፍቅርን አያጎድልም። እንዲያውም ከጉርሻ የሚበልጥ ፍቅር ነው፤ ምክንያቱም የሰማ ፍቅር ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልጨምር፤ አለበለዚያ የጠገበ ሰው ወግ ይሆንብኛል። በ2013 ዓ.ም. በግጭቱ፣ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የይፋት ሰው ቤቱ ተቃጥሎበታል፣ ተፈናቅሏል፣ በእርዳታ ስንዴ አድሯል። ለዚያ ሰው ስለ ወገብ ልኬት መስበክ ነውር ሊመስል ይችላል። እኔ ግን እላለሁ፤ ከዚያ ሁሉ የተረፈ ሰው ነው ይበልጥ ሊኖር የሚገባው። ከረሃብ ተርፎ፣ ከጥይት ተርፎ፣ ቤቱን እንደገና ሠርቶ፣ ልጁን ሊድር ሲል በሃምሳ አራት ዓመቱ በግፊት መውደቅ ፍርደ ገምድልነት ነው። የተራበውን እንድናበላ፣ የጠገበውንም እንድናስጠነቅቅ ግዴታ አለብን። ሁለቱ አይጣሉም፤ ከአንድ ርኅራኄ የሚወጡ ናቸው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ከአውቶቡስ የወረደ ዘመድ ስናገኝ ስለ ጉንጩ ዝም ብለን ስለ ጤናው እንጠይቀው። ወፍሮ ከሆነ አናመስግነው፤ ከስቶ ከሆነም አናልቅስለት። ግፊቱን መለካቱን በቀስታ እንጠይቀው፤ ካልተለካ አብረን እንሂድ። ሆደ ሰፊ የሚለውንም ማዕረግ ለትዕግሥተኛው ሰው እንመልስለት፤ የእርሱ ነበርና።